ቤታችን ቀዩን ውሃ የተሻገረ ዕለት

ይሄን የምጽፍላችሁ ሰምቼ አይደለም። ሰው ነግሮኝም አይደለም። ውስጡ ነበርኩ።

የሚጠራጠር ካለ መብቱ ነው። ሌላ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ እኔም "ሂድ ወዲያ" ነበር የምለው።

ወሩ መጋቢት ነው። ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ሌሊት አልነበረም፣ ጨለማም አልነበረም። ቦታው ደቡብ ቺሊ፣ የቺሎዌ ደሴቶች፣ ከእኛ ትንሽ ደሴት ወደ ትልቋ በሚያሻግረው ባሕር መሃል።

መሃል ስላችሁ ጀልባ ላይ እንዳይመስላችሁ።

ቤት ውስጥ ነበርኩ። ከነምድጃው፣ ከነቆጡ፣ ተወልጄ ያደግኩበት የእንጨት ቤት። ቤቱ ነው ባሕሩ ላይ የነበረው...

እኛ ጋ ሰው መንደር ሲቀይር ቤቱን ይዞ ነው የሚሄደው። ጎረቤት ይጠራል፣ በሬ ይጠመዳል፣ ቤቱ በግንድ ላይ እየተንከባለለ ባሕር ዳር ይደርሳል። ከሥሩ ባዶ በርሜል ይታሰርለታል። ባሕሩ ሲሞላ ይንሳፈፋል፣ ጀልባዎች ይጎትቱታል፣ ማዶ ሲደርስ ድግስ ይበላል። በቃ ይኸው ነው።

እናቴ ኤደልሚራ ከሞተች ወዲህ አባቴ ብቻቸውን ነበሩ። እኔና ወንድሜ ኤራልዶ የምንኖረው ትልቋ ደሴት ላይ ነው።

"አባዬ፣ እኛ ጋ ይምጡ" ብለን ስንት ጊዜ ለመንናቸው።

"ቤቴን ለአይጥ ትቼ? እናታችሁ የሞተችበትን አልጋ ትቼ?"

"እንግዲያው ቤቱም ይምጣ!" አለ ኤራልዶ ሲመረው። እንዲህ ነው የተጀመረው።

ቤት ሲሻገር በሩና መስኮቱ በሳንቃ ይመታል፤ ከውስጥም ከውጭም፣ በሚስማር። ካልተመታ ግድግዳው ይጠመዘዛል። ምድጃው ደግሞ አይጠፋም። እሳቱ መንገድ ላይ ከጠፋ ቤቱ አዲሱን ቦታ አይለምድም ይላሉ ትልልቆቹ። ስለዚህ አንድ ሰው ውስጥ ይቀራል፣ እሳት ሊጠብቅ።

"እኔ ነኝ የምቀረው" አሉ አባቴ።

ሰማንያ ሊሞላቸው ነው። ጉልበታቸው አይታዘዝላቸውም። ዋና የሚባል ነገር አይችሉም። ግትርነታቸውን እንኳን ተዉት... እሱን ብጀምረው አልጨርሰውም።

ስለዚህ እኔም ቀረሁ። ሥራዬ አንድ ብቻ ነበር። አባቴን በሕይወት ማዶ ማድረስ።

አሁን ስለ ውሃው ልንገራችሁ፤ ጣጣው የመጣው ከሱ ነው።

እኔ የምተዳደረው ባሕር ውስጥ ገመድ ላይ ዛጎል አርብቼ፣ ሥጋውን ለምግብ በመሸጥ ነው። ስለዚህ አልጌ ጠላቴ አይደለም። አልጌ ማለት የባሕር ሣር ነው፤ ከማነሱ የተነሣ አንዷን ለብቻዋ በዓይን አታዩአትም። ፀሐይ ሲበረታ ውሃው ይለመልማል። ያኔ ዛጎሌ ይወፍራል፣ ትንሹ ዓሣ ይጠግባል፣ ትልቁ ትንሹን ይበላል፣ ዓሣ ነባሪው ሳይቀር ከስንት አገር ተጉዞ ይመጣል። ያ ሣር ባይኖር ባሕሩ ባዶ ገንዳ ነው። ልጆቼ ያደጉት በሱ ነው።

ግን አንዳንድ ዓመት ልክ ያጣል።

ውሃው ይቀላል፣ ይወፍራል፣ የምስር ሾርባ ይሆናል። ዛጎሉን ይመርዘዋል፤ የበላው ሰው መጀመሪያ ከንፈሩ ይደነዝዛል፣ ቀጥሎ ትንፋሹ ይቆማል። አልጌው ራሱ ሞቶ መበስበስ ሲጀምር ደግሞ በውሃው ውስጥ ያለውን አየር ጠራርጎ ይጨርሰዋል። ያኔ ታች ያለው ፍጥረት ሁሉ ይታፈናል።

ያን ሳምንት ውሃው ቀይ ነበር።

"እስኪጠራ ብናቆየውስ?" አልኩ።

ዶን ባልዶሜሮ ሳቁብኝ። የደሴቱን ቤቶች ሁሉ ያሻገሩት እሳቸው ናቸው። "ምን ሆነሻል አንቺ? ወፍራም ውሃ እኮ አይናወጥም። ተመልከቺው፣ ዘይት ነው! ቤት የሚሻገረው እንዲህ ያለ ቀን ተፈልጎ ነው።"

"ከተማ ገብታ ፈሪ ሆነች" አሉ አባቴ።

እውነትም አንድ ሞገድ አልነበረም። ባሕሩ ተኝቷል።

ኤራልዶ ከውጭ የመጨረሻውን ሚስማር እየመታ ጮኸ። "ኦቲ! ማዶ እንገናኝ! እንዳትጣሉ!"

"እኔ ምን በወጣኝ! እሳቸው ናቸው የሚጣሉት!"

"ሰማሁሽ" አሉ አባቴ ከምድጃው ሥር።

ጉዞው ሲጀመር ደስ ይል ነበር፣ አልዋሽም። ሦስት ጀልባ ከፊት ይጎትተናል። አባቴ እንጨት ይጨምራሉ፣ ማቴ የሚባለውን የቅጠል ሻያቸውን አፍልተው በቀሰም ይስባሉ። እኔ የመስኮቱ ሳንቃ መሃል ባለች ክፍተት ውጩን አያለሁ። ቀይ ሜዳ... ከዚያ ሌላ ምንም የለም።

ከዚያ የአንዱ ሞተር ድምፅ ቆመ።

ትንሽ ቆይቶ ሁለተኛው።

አባቴ ቀሰሙን ከአፋቸው አወጡ። "ዝቃጩን ጠጥተው ነው" አሉ። "ሞተር የሚቀዘቅዘው በባሕሩ ውሃ ነው። ቧንቧው ተደፍኗል።"

ሦስተኛውም ጸጥ አለ።

ውሃው ግን አልቆመም። ባሕሩ መጉደል ጀምሮ ነበር፤ ቤቱን ወደ ውጭ፣ ወደ ሰፊው ይስበው ጀመር። ገመዱ ተወጠረ... ተወጠረ... ቤቱ አንዴ በኃይል ተናጠና ወለሉ ላይ ወደቅሁ። የምድጃው ጭስ ማውጫ ቱቦ ከቦታው ወልቆ ግድግዳውን መታ። ከሥራችንም አንዳንድ በርሜል ተፈትቶ ሲሄድ ሰማሁ።

"ኦቲ! ገመዱ ተበጠሰ!" ወንድሜ ነው። "እመጣለሁ! በመቅዘፊያ እመጣለሁ!"

መልስ ልሰጠው ወደ ክፍተቷ ስሮጥ ጀልባዎቹን አጣኋቸው። ጉም ወርዶ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ "ኦቲ!" ሲል ሰማሁት፣ ከሩቅ። ከዚያ ድምፁም የለም።

ተመልከቱልኝ እንግዲህ። በሩ ተመትቷል። መስኮቱ ተመትቷል። ውጩ ጉም፣ ታቹ ባሕር። ከአባቴ ጋር ሣጥን ውስጥ ነን።

"አይዞሽ" አሉ። "ይመጣል።"

ያኔ ነው ሽታው የመጣው። የበሰበሰ እንቁላል ሽታ። ከወለሉ ስንጥቅ ነው የሚወጣው።

ከሽታው ጋር ድምፅ...

ምጥ... ምጥ... ምጥምጥ...

"ምንድን ነው አባዬ?"

ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ወለሉ ላይ አደረጉ። ቆዩ። "ዓሣ ነው" አሉ። "ታች ያለው አየር አልቆበታል። ከወለላችን ሥር፣ በርሜሎቹ መሃል የቀረች አየር አለች። እሷን እየጠጣ ነው።"

ከእግሬ ሥር ስንት ሺህ አፍ እንደነበረ እግዜር ይወቀው። ሁሉም ወደ ላይ ተከፍቶ። ጫማዬን አልፎ የሚመጣ መሰለኝና ወንበር ላይ ወጣሁ። አባቴ አልሳቁብኝም።

ምጥ... ምጥምጥ...

ከዚያ ሁሉም አንድ ላይ ዝም አለ።

በአንድ ጊዜ። አንድም ሳይቀር። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ዝምታ ሰምቼ አላውቅም።

ቤቱ ውስጥ ደግሞ ጭሱ እየወፈረ ነበር። የወለቀውን ቱቦ በጨርቅ ይዤ ልመልሰው ሞከርኩ፣ እጄን ተቃጠልኩ እንጂ አልሆነም። ዓይኔ ያነባል፣ ጭንቅላቴን ይወቅረኛል። አባቴ ሲያስሉ ደረታቸው ያፏጫል።

የፈላውን ውሃ ከነማንቆርቆሪያው አነሣሁ።

"ኦቲልያ... እንዳታደርጊው።"

"ልንታፈን ነው አባዬ።"

"እሳቱ አይጠፋም አልኩሽ!"

ደፋሁበት። ምድጃው ጮኸ፣ አመድና እንፋሎት ፊቴን መታኝ፣ ቤቱ ጨለመ።

አባቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና አለቀሱ። ድምፅ አውጥተው። እናቴን ስንቀብር እንኳን እንዲያ አላለቀሱም።

"እሳቱን አይታ ነበር እኮ የምትከተለን" አሉ። "አሁን በምን ታገኘናለች?"

ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ፣ እጃቸውን ያዝኩ።

አፍንጫቸውን በእጅጌያቸው ጠርገው "ሽታው ለቀቀን" አሉ።

እውነትም አይሸትም ነበር። ተመስገን አልኩ። ያን ሽታ የሚያመጣው ጋዝ ሲበረታ መጀመሪያ የሚገድለው አፍንጫን መሆኑን የሰማሁት በኋላ ነው።

እና ያኔ...

ኳ። ኳ። ኳ።

በሩ ነው።

ብድግ አልኩ። "ኤራልዶ! ኤራልዶ፣ አንተ ነህ?"

መልስ የለም።

ኳ። ኳ። ኳ።

ልብ በሉልኝ። የበሩን ደረጃ ነቅለን ባሕር ዳር ትተነው ነው የመጣነው። በሩ ፊት መቆሚያ የለም። ውሃ ብቻ ነው። ደግሞ እኛ ጋ ሰው በር አያንኳኳም፤ አጥር ጋ ቆሞ ይጣራል።

አባቴ ቀና አሉ። ፊታቸው በራ። እንደዚያ ሲበራ ካየሁት ዓመት አልፎታል።

"እሷ ናት" አሉ በሹክሹክታ።

"ማን?"

"እናትሽ። ቅርጫቱን ተሸክማ ስትመጣ በክርኗ ነበር የምትመታው። አትሰሚም? በክርን ነው።"

ሰማሁ። እጅ ሲመታው ይጮሃል። ይሄ ግን ድፍን ያለ፣ ለስላሳ ምት ነበር... በክርን እንደሚመታ።

"አባዬ፣ ግንድ ነው። ውሃው ያመጣው ግንድ።"

ወደ መስኮቷ ክፍተት ሄድኩ። ውጭ ቅርብ የሆነ ነገር ሲንቦጫረቅ አየሁ። የባሕር አንበሳ የምንለው፣ ዓሣ በል እንስሳ ነው። አንገቱን ወደ ኋላ ቆልምሞ ይንቀጠቀጣል፣ አፉ አረፋ ይዟል፣ ዓይኑ የትም አያይም። የተመረዘ ዓሣ የበላ እንዲያ ይሆናል፤ ስንቱን አይቻለሁ። አሳዘነኝ፤ ግን ይበልጥ ደስ አለኝ።

"የባሕር አንበሳ ነው አባዬ! እዚህ ነው፣ እያየሁት ነው! እሱ ነው ቤቱን የሚመታው!"

ኳ። ኳ። ኳ።

በሩ በወዲያኛው ግድግዳ ነው።

የባሕር አንበሳው ከዓይኔ ሥር ነው።

ዞር ስል አባቴ የሉም። አልጋው ባዶ ነው። በሩ ጋ ቆመው የሚስማር መንቀያውን ብረት ሳንቃው ሥር አስገብተዋል።

"ምን እያደረጉ ነው?"

"ቀዝቅዟታል" አሉ።

ጫጭ! አንዱ ሳንቃ ተነቀለ።

"አባዬ ይተዉ! ቤቱ እየሰመጠ ነው፣ ውሃው ከደፉ በላይ ደርሷል! ከከፈቱት አለቅን!"

ጫጭ! ሁለተኛው።

ሮጬ መሃል ገባሁና ጀርባዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ። ከታች ቀይ ውሃ በቀጭኑ እየገባ ጫማዬን አረጠበ። ሁለት ሳንቃ ቀርቷል።

"ዞር በይ ልጄ።"

"አልዞርም።"

"ውጭ ቆማ..."

"ውጭ መቆሚያ የለም!"

ኳ። ኳ። ኳ።

ይሄኛው በጀርባዬ አለፈ። በትከሻዬ መሃል። በእንጨቱ ውስጥ ሆኖ... ቀስ ብሎ፣ በትዕግሥት።

እንዳትስቁብኝ። ለአንድ አፍታ እኔም ልከፍት ፈለግሁ። እናቴን ናፍቄያለሁ። "ግቢ እማዬ" ልላት አፌን ከፍቼ ነበር።

አባቴ ብረቱን እንደገና ሲያነሡ ጉልበታቸው ከዳቸውና ተንገዳገዱ። ከንፈራቸው ጠቁሯል። ያኔ ነው የነቃሁት። እኚህ ሰው እዚህ፣ በእጄ ላይ ሊሞቱ ነው።

አባቴን አንቱ ብዬ ነው ያደግኩት። በዚያች ሰዓት ግን ሁሉም ነገር ጠፋኝ።

"አንተ!" አልኳቸው። "አንተ ሰውዬ! እናቴ ብትሆን ኖሮ 'ክፈትልኝ' ትልህ ነበር? 'ልጄን አውጣልኝ' ነበር የምትልህ! እኔን ውሃ ውስጥ ጥላ የምትገባ እናት ነበረችኝ? ንገረኝ!"

አዩኝ። ብረቱ ከእጃቸው ወደቀ።

"ልክ ነሽ" አሉ ቀስ ብለው። "እሷ መጀመሪያ አንቺን ነበር የምትጠራው።"

ከኋላዬ ያለው ምት ቆመ።

የሚሰማን ነበር እንዴ? እንጃ።

ወደ ቆጡ የሚያወጣውን መሰላል በምን ጉልበት እንዳወጣኋቸው አላውቅም። ቆጡ ላይ የድንች ጆንያዎች መሃል መጥረቢያ ነበር። የጣሪያው ክዳን የዝግባ ሰሌዳ ነው፤ አባቴ በወጣትነታቸው አንድ በአንድ የመቱት። እያለቀስኩ ሰባበርኩት። እሳቸው አጠገቤ ቁጭ ብለው ያያሉ። "እዚያ ጋ ምቺው፣ እዚያ ጋ ስስ ነው" አሉኝ።

አንገቴን ሳወጣ ጣሪያው በወፍ ተሸፍኗል። ትልቅ አይሏቸው ትንሽ፣ የባሕር ወፍ ሁሉ ነው፣ ክንፍ ለክንፍ ተጣብቀው። ሰው ብቅ ሲል አንዱም አልበረረም። ራሳቸውን ግራ ቀኝ ያወዛውዛሉ። በእጄ ስገፋው አንዱ ተንሸራቶ ወደቀ፣ ውሃው ላይ ክንፉን እንኳን አልዘረጋም።

አባቴን ጎትቼ አወጣሁ። አየር! ጉሙ ራሱ ጣፈጠኝ።

ድስት ይዤ ወጥቼ ነበር። በመጥረቢያው ዛቢያ ደበደብኩት። "ኤራልዶ! እዚህ! ኤራልዶ!"

ታች፣ ከእግራችን ሥር፣ በሩ መለሰልኝ።

ኳኳኳኳኳኳ።

አሁን ትዕግሥት የለውም። ይቸኩላል። አባቴ ክንዴን ጨብጠው አልለቅ አሉ፤ ጥፍራቸው ገባብኝ።

"ምቺው" አሉኝ። "ድስቱን ምቺው። አታቁሚ።"

መታሁ። እጄ እስኪዝል መታሁ።

"ኦቲ!"

ጉሙ ውስጥ ጥቁር ነገር... ከዚያ ጀልባ... ከዚያ ወንድሜ! መቅዘፊያው በየምቱ ቀይ ዝቃጭ ያወጣል። እጁ ተልጦ ደምቷል። ቤቱ ያኔ እስከ መስኮቱ ሰምጦ ነበርና ጀልባው ከጣሪያው ጫፍ ሥር ገባ።

"አባዬን መጀመሪያ!" አልኩት።

አባቴ ጣሪያውን በመዳፋቸው አንዴ ዳበሱት። ሳይከራከሩ ወረዱ። በሕይወታቸው ሳይከራከሩ ያደረጉት ነገር ያ ብቻ ይመስለኛል።

እኔም ወረድኩ። ኤራልዶ ገፋ። ኳኳታው ቆሟል፤ መቼ እንደቆመ አላስተዋልኩም።

ለመውጣት ቤቱን በፊት ለፊቱ በኩል መዞር ነበረብን።

በሩ ጋ ስንደርስ ውሃው እጀታው ላይ ነው። ከውጭ የተመቱት ሳንቃዎች አንዳቸውም አልተነኩም። ከውስጥም ሁለቱን እንደተመቱ ነው የተውናቸው፤ ጀርባዬን የወጋኝን ሚስማራቸውን አስታውሳለሁ።

በሩ ተከፈተ።

ወደ ውስጥ። ከሳንቃዎቹ ኋላ። ቀስ ብሎ... እንግዳ የሚቀበል ሰው እንደሚከፍተው።

ውሃው አልገባም። ደፉ ላይ እንደ ግድግዳ ቆመ። ውስጡ ጨለማ ነው።

ኤራልዶ መቅዘፉን ተወ። "ኦቲ..." አለ በሹክሹክታ። "ውስጥ ማን ቀረ?"

አባቴን አየኋቸው። ጨለማውን ትክ ብለው ያያሉ፤ የኔ ዓይን ያላየውን አንድ ነገር ሲከተሉ ዓይናቸው ከበሩ ላይኛው ጫፍ ጀምሮ ወደ ታች ወረደ... ወረደ...

ኮፍያቸውን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ያዙ።

"እሷ አይደለችም" አሉ።

"ማን?"

"ቅዘፍ ልጄ። እሷ አይደለችም። ቅዘፍ።"

ኤራልዶ ቀዘፈ። እኔ ዞሬ እያየሁ ነበር። ጉሙ ቤቱን ሊውጠው ሲል በሩ ቀስ ብሎ ተመለሰና ከውስጥ ተዘጋ።